ሰውን በበረዶ አቈይቶ ሺሕ ዓመት ለማኖር ያሰበው ሐኪም፤ የጆን ሐንተር የሕይወት ታሪክ

በአሜሪካና በሌሎችም ጥቂት አገሮች፣ ከሞትን በኋላ ሬሳችን በመሬት አይቀበር፣ በእሳትም አይቃጠል ብለው ተናዘው፣ እጅግ የቀዘቀዘ ናይትሮጅን በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ ተቀምጠው የሚገኙ ብዙ መቶ ሰዎች አሉ። ተስፋቸውም የዛሬ ሐኪም ያላገኘውን መድኃኒት የነገ ሐኪም ያገኘው ይሆናልና፣ ሰውነታቸው እስከዚያ ድረስ ሳይበሰብስ ቈይቶ የዚያን ጊዜ እንዲነሡ ነው። በዚህ ዐይነት መጀመሪያ የተቀመጠው በ1967 ዓ. ም. በካሊፎርኒያ የሞተ አንድ አሜሪካዊ መምህር ነው። ከዚያ ወዲህ ከተቀመጡት ሁሉ አንድ እንኳ የተነሣ የለም።

ብዙ ሰው ይህን ሐሳብ የዘመናችን ፈጠራ ይመስለዋል። ነገር ግን ከ250 ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር አስቦ፣ በማሰብም ብቻ ሳይወሰን በገዛ እጁ የሞከረ አንድ ሰው በእንግሊዝ አገር ነበረ። ስሙ ጆን ሐንተር ይባላል። በሐኪሞች ዘንድ ስሙ የገነነው በሌላ ሥራው ነው፤ እንዲያውም ይህን ሙከራውን ብዙዎቹ አያነሡለትም። እኔ ግን የሰውየውን ጠባይ ከሁሉ አብልጦ የሚገልጸው እሱ ስለ መሰለኝ በሕይወቱ ታሪክ መካከል ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ዘመኖቹ በሙሉ የተቈጠሩት በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጆን ሐንተር በየካቲት ወር 1728 ዓ. ም. በስኮትላንድ፣ ከግላስጎ ከተማ አቅራቢያ ሎንግ ካልደርውድ በምትባል የእርሻ ቦታ ተወለደ። ለወላጆቹ ዐሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረ። ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸውና በወጣትነታቸው ስለ ሞቱ ሞት ከቤታቸው የማይርቅ እንግዳ ሆኖ ነበር። አባቱም እሱ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ በ1741 ዐረፈ።

ሐንተር ትምህርት ቤት መዋል አይወድም፤ መጽሐፍም ማንበብ ይሰለቸዋል። ደመና ለምን እንደሚለዋወጥ፣ ቅጠል በመከር ጊዜ ለምን እንደሚቀላ፣ ጉንዳንና ንብ እንዴት እንደሚኖሩ ያገኘውን ሰው ሁሉ እየጠየቀ ሲያደክም ይውል ነበር። የሚጠየቁት ሰዎች ግን መልሱን አያውቁትም፤ ለማወቅም ግድ አልነበራቸው። (ይህን የምጽፈው ለትምህርት ቤት መጽሔት መሆኑን አልረሳሁም፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ነው።) ጥቂት ከፍ እንዳለ ግላስጎ ወርዶ የአናጢነት ሥራ የነበረውን የእኅቱን ባል ያግዝ ጀመር። ሥራው ስላልሰመረም ተመልሶ ቤቱ ገባ። በሃያ ዓመቱ ሙያም ገንዘብም አልነበረውም።

ዊልያም የሚባለው ታላቅ ወንድሙ ግን በሎንዶን የታወቀ ሐኪምና የአናቶሚ መምህር ሆኖ ነበር። አናቶሚ ማለት የሰውነትን ውስጥ ከፍቶ እያንዳንዱን ብልት የማጥናት ትምህርት ነው። በ1748 ጆን ወንድሙ ዘንድ እንዲሠራ ለምኖ፣ ፈቃድ ባገኘ ጊዜ ብዙ ቀን በፈረስ ተጕዞ ሎንዶን ደረሰ። ዊልያምም ሊፈትነው የአንድ ሬሳ ክንድ ሰጥቶ ጡንቻዎቹን ለያይተህ አሳየኝ አለው። በመጋዝና በመሮ የሠለጠነው እጅ ሥራውን አሳምሮ ስለ ሠራ ወንድምየው ተደነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆን ለ12 ዓመት ያህል በወንድሙ ትምህርት ቤት ሲሠራ ኖረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው ነገር አለ። የአናቶሚ ትምህርት የሚሰጠው በክረምት፣ ማለት ብርዱ በሚበረታበት ወራት ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በበጋ ሬሳ ቶሎ ይሸታል፣ በብርድ ጊዜ ግን ይቈያል። እንግዲህ ሐንተር ብርድ መበስበስን እንደሚያግድ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከ12 ክረምት የሥራ ልማድ ያወቀ ሰው ነው። ኋላ ለተነሣበት ሐሳብ መነሻው ይኸው ይመስለኛል።

ሬሳው ከየት ይመጣ ነበር ለሚል ግን መልሱ ደስ አያሰኝም። ሕጉ ለመማሪያ የሚፈቅደው ተሰቅለው ከሚሞቱት ወንጀለኞች ጥቂቶቹን ብቻ ነበር። ተማሪው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ሌሊት መቃብር የሚቈፍሩ ሌቦች ትኩስ ሬሳ እያወጡ ለአናቶሚ ትምህርት ቤቶች ይሸጡ ነበር። ከነዚያ ሰዎች ጋር መዋዋሉ የጆን ሥራ ነበር። የሚሰረቁትም አብዛኞቹ ዘበኛ የሚያቆምላቸው ዘመድ የሌላቸው ድኾች ነበሩ። ሐንተር ከዚህ ሥራ ብዙ ዕውቀት አገኘ፤ ያ ዕውቀትም ኋላ ብዙ ሰው አዳነ። ሬሳቸው የተሰረቀባቸው ግን ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም፤ ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ መናገር ይገባል።

በ1760 ጤናው ስለ ተጓደለ ከወንድሙ ተለይቶ በጦር ሠራዊት ሐኪምነት ገባ። በ1761 እንግሊዞች ቤል ኢል የምትባለውን የፈረንሳይ ደሴት ሲወጉ አብሮ ዘመተ፤ በሚከተለውም ዓመት ወደ ፖርቱጋል ሄደ። በዚያ ዘመን ሰው በጥይት ሲቈስል ሐኪሞቹ ቍስሉን በቢላዋ እያሰፉ፣ ጣታቸውን እያስገቡ ጥይቱን ይፈልጉ ነበር። በቤል ኢል የቈሰሉ የፈረንሳይ ወታደሮች በአንድ ባዶ ቤት ተደብቀው አራት ቀን ያለ ሐኪም ከቈዩ በኋላ ተገኙ። ቍስላቸው ግን ሐኪም ከነካካቸው ሰዎች ቍስል ይልቅ በደኅና ይሽር ነበር። ሐንተርም ይህን አይቶ፣ ቍስልን ያለ ምክንያት ማስፋት ጕዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው አስተማረ። ሌሎቹ ሐኪሞች ያየው ነገር ሳይታያቸው ቀርቶ አይደለም፤ ካዩት ይልቅ የተማሩትን ያምኑ ስለ ነበር ነው።

በዚያችው ደሴት፣ ክረምቱ ሲገባ ሌላ ነገር ሞከረ። እንሽላሊቶች ብርድ ሲመጣ ጕድጓድ ገብተው ሳይበሉ ሳይጠጡ ይተኛሉ። ሐንተር በዚህ ጊዜ እንሽላሊቶች ይዞ ትልና ቍራጭ ሥጋ በጕሮሮአቸው አስገባና በቀዝቃዛ ቦታ አኖራቸው። ብዙ ቀን ቈይቶ ቢከፍታቸው የዋጡት ምግብ ምንም ሳይፈጭ እንዳለ ተገኘ። እንሽላሊቱ አልሞተም፤ የሆድ ሥራ ግን ቆሟል። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ቆሞ ሕይወት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ከዚህም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ ሥራው ሁሉ ከቆመ ሰውነት አያረጅም፣ አይደክምም ማለት ነውን? የሚል ነበር።

በ1763 ወደ ሎንዶን ተመለሰ። ገንዘብ ስላልነበረው ከአንድ ጥርስ ሐኪም ጋር ሠራ፤ በዚሁ ምክንያት ስለ ጥርስ የጻፈው መጽሐፍ በ1771 ታትሞ ወጣ። ከሰው የተነቀለ ጥርስ በአውራ ዶሮ ራስ ላይ ባለችው ቀይ ሥጋ ውስጥ ተክሎ እንደ ያዘ ማየቱም በዚህ ዘመን ነው። ጥርሱ የተተከለበት የዶሮ ራስ እስከ ዛሬ ተቀምጦ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በእኛ ቋንቋ በዝናም ጊዜ የሚወርደውንም ጠጠር፣ በፈረንጅ አገር እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውንም፣ በብርድ ብዛት የሚጋገረውንም ውሃ ሁሉንም በረዶ ነው የምንለው። እዚህ ላይ በረዶ ስል ሁለቱን የኋለኞቹን ማለቴ ነው።

የሐንተር ሐሳብ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው በዓለም ዳርቻ፣ ብርድ በጸናበት አገር፣ በረዶ እስኪሆን ቢቀዘቅዝ የሰውነቱ ሥራም ጥፋትም በአንድነት ይቆማሉ፤ እስኪቀልጥም ድረስ ዕድሜው አይቈጠርም። ስለዚህ ሰውየው የመጨረሻዎቹን ዐሥር የዕድሜ ዓመቶች ለዚህ ነገር ቢሰጥ፣ እየቀዘቀዘና እየቀለጠ እስከ ሺሕ ዓመት ሊቈይ ይችላል። በየመቶው ዓመት እየቀለጠ ሲነሣም፣ ተኝቶ ሳለ በዓለም የተደረገውን ሁሉ ሊረዳ ነው። ሒሳቡን እኔ ሳሰላው በየመቶው ዓመት አንድ ዓመት ነቅቶ ዘጠና ዘጠኙን ይተኛል ማለት ነው። በነቃ ቍጥር አንድ የሚያውቀው ጎረቤት፣ አንድ የዕድር ሰው እንኳ አያገኝም፤ ይህን ሐንተር ያሰበበት አይመስልም። ሐንተር በዚህ ሥራ ባለጠጋ እሆናለሁ ብሎም ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ይህንን ኋላ ለተማሪዎቹ ሲያስተምር በራሱ ላይ እየቀለደ ነግሯቸዋል።

በ1766 ዓ. ም. ሁለት ካርፕ የሚባሉ ዓሦች አስመጣ። ካርፕ በኤውሮፓ ኩሬና ወንዝ የሚኖር፣ ብርድን የሚችል ዓሣ ነው። ዓሦቹን የወንዝ ውሃ ባለበት የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አደረጋቸውና፣ ዕቃውን ብርድ በሚያበረታ ድብልቅ መካከል አስቀመጠው። እንዲህ ያለ ድብልቅ ከበረዶና ከጨው እንደሚሠራ የፊዚክስ ተማሪ ያውቃል። ውሃው ግን ቶሎ አልጋገር አለ። እንዲፈጥን ብሎ በውሃው ውስጥ የቀዘቀዘ በረዶ ጨምሮ አወፈረው። በዓሦቹ ዙሪያ ያለው በረዶ ቀለጠ። እንደገና ጨመረ፤ እንደገና ቀለጠ። ዓሦቹ ሥቃይ እንደ በዛባቸው በሚያስታውቅ አኳኋን ይንፈራገጡ ነበር። እንዲህ እየተደረገ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ሐንተርና ረዳቶቹ ደከማቸውና፣ ዕቃውን ሸፍነው በግቢው ውስጥ ለሌሊቱ ብርድ ተዉት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሁለት ዓሦች ምንም የሚያቃጥሉት ማገዶ ሳይኖራቸው፣ በሰውነታቸው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ሙቀት እየከፈሉ በዙሪያቸው ያለውን በረዶ አቀለጡት። ሕይወት ያለው ነገር ብርድን የሚዋጋ መሆኑን ሐንተር ያየው በዚህ ነው። በመጨረሻ ግን ያላቸውን ሁሉ ከፍለው ስለ ጨረሱ በረዶ ሆኑ። ሥራው ሁሉ የተጀመረው ለማቅለጡ ነበርና ሐንተር በጥንቃቄ፣ ቀስ በቀስ አቀለጣቸው። ሥጋቸው እንደ ገና ለሰለሰ፤ ሕይወታቸው ግን አልተመለሰም።

ያን ቀን ሐንተር የሺሕ ዓመቱን ሐሳብ ተወው። ከሁሉ የምወድለት ይህን ነው። ሰው የሚወደውን ሐሳብ ለማዳን ብዙ ምክንያት አያጣም፤ ዓሦቹ ትንንሾች ስለ ሆኑ ነው ሊል፣ ጨው በዝቶ ነው ሊል ይችል ነበር። እሱ ግን ዓሦቹን አመናቸው።

ሙከራውን ግን አልተወም። የጥንቸል ጆሮ አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ በብርድ ውስጥ አቈይቶ እንደ እንጨት እስኪደርቅ አቀዘቀዘው፤ ሲቀልጥም ጆሮው አበጠና ቀላ እንጂ አልሞተም። በአውራ ዶሮ ራስ ላይ ያለችውን ሥጋም እንዲሁ አድርጎ እንደገና ሕያው ሆና አገኛት። እንግዲህ አንድ ብልት ብቻ ሲቀዘቅዝ የቀረው ሰውነት ሊያድነው ይችላል፤ ሰውነት በሙሉ ሲቀዘቅዝ ግን አዳኝ የለውም። የዶሮ እንቍላልም ሞክሮ፣ አንድ ጊዜ በረዶ ሆኖ የቀለጠው እንቍላል ሁለተኛ ሲቀዘቅዝ ከትኩሱ ፈጥኖ በረዶ እንደሚሆን አየ። በትኩሱ ውስጥ ብርድን የሚከላከል ሕይወት ስላለ ነው ብሎም ደመደመ። የዓሦቹንና የሌሎቹን እንስሳት ሙከራ በ1775 በንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። በዚያ ማኅበር አባል የሆነው በ1767 ነበር።

ዓሦቹ ለምን እንደ ሞቱ ዛሬ ከሐንተር ይበልጥ ይታወቃል። ውሃ በረዶ ሲሆን እንደ መርፌ የሾለ ቅርጽ ይይዛል። በሰውነት ሕዋሳት መካከል ያለው ውሃ ቀድሞ ይጋገርና ከሕዋሳቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ይስባል፤ በሕዋሱ ውስጥ የቀረው ጨው እየበረታ ይሄዳል፤ ሕዋሱም ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል። ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ ጫካ የምትኖር አንዲት እንቍራሪት አለች። ይህች እንቍራሪት በክረምት ከሰውነቷ ውሃ ከእኩሌታው በላይ በረዶ ይሆናል፤ ልቧም መምታት ያቆማል፤ በጸደይ ግን ቀልጣ ትሄዳለች። ምሥጢሩ ብርድ ሲነካት ጕበቷ ብዙ ስኳር ወደ ደሟ መላኩ ነው፤ ስኳሩ ሕዋሳቷን ይጠብቃል። በ1949 የእንግሊዝ ሊቃውንት ግሊሰሪን የተባለው ፈሳሽ የአውራ ዶሮን ዘር በብርድ ውስጥ እንደዚሁ እንደሚጠብቅ አገኙ። በ1984 በአውስትራልያ ገና በፅንስነቷ ቀዝቅዛ የቈየች ሕፃን በደኅና ተወለደች። በ2023 ደግሞ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መቶ ቀን የቀዘቀዘ የአይጥ ኵላሊት ተሙቆ በሌላ አይጥ ሰውነት ውስጥ ሠራ። ከኵላሊት እስከ ሙሉ ሰው ያለው መንገድ ግን ገና ያልተሄደ ነው።

ሐንተር የሺሕ ዓመቱን ምኞት ቢተውም፣ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ድንበር የት እንደ ሆነ የሚለው ጥያቄ አልተወውም። በግሎስተርሽየር ገጠር የሚኖር ኤድዋርድ ጄነር የተባለ የቀድሞ ተማሪው ነበር፤ ይህ ኋላ በ1796 የፈንጣጣን ክትባት ያገኘው ሰው ነው። ሐንተር እሾኻም የሆነችና በክረምት የምትተኛ የአንዲት ትንሽ እንስሳ የሰውነት ሙቀት ምን ያህል እንደሚወርድ እንዲለካለት በደብዳቤ ይወተውተው ነበር። ጄነር አንድ ጊዜ ነገሩን በሐሳብ ሊፈታው ቢሞክር፣ ከማሰብ ይልቅ ለምን አትሞክረውም የሚል መልስ ላከለት።

ለራሱም ድንበሩ ሩቅ አልነበረም። በ1773 ድንገት ብርቱ ሕመም ያዘውና የልቡ ትርታ በእጁ ላይ የማይገኝ ሆነ፤ ይህም ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቈየ። መስተዋት ቢመለከት ፊቱ የሬሳ ፊት መስሎ ታየው። እስትንፋሱ ሊቋረጥ ሲል በፈቃዱ አየር እየሳበ ቈይቶ ዳነ። ከዚያ ጀምሮ የልብ ውጋት ሆነበት፤ በተለይም ሲቈጣ ይነሣበት ነበር። ሕይወቴ ሊያናድደኝ በፈለገ ተራ ሰው እጅ ናት እያለ ይናገር ነበር።

በ1774 በሎንዶን ውሃ ውስጥ ሰጥመው የሞቱ የሚመስሉትን ሰዎች ለማስነሣት አንድ ማኅበር ተቋቁሞ ስለ ነበር፣ ሐንተር ምክሩን ተጠይቆ በ1776 ጽሑፍ አቀረበ። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ሥራ መቋረጥና ፍጹም ሞት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳ። የሰጠመ ሰው ሰዓቱ እንደ ቆመ እንጂ እንደ ተሰበረ አይቈጠርም ማለቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ክፍል ባለው ወናፍ ንጹሕ አየር ወደ ሳንባው እንዲነፋለት፣ ሙቀትም ቀስ በቀስ እንዲሰጠው መከረ። ሌላው ሁሉ እንቢ ሲል ልብን ለመቀስቀስ የኤሌክትሪክ ኀይል ይሞከር አለ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ትርታው የተዛባ ልብ በኤሌክትሪክ ሲስተካከል እናያለን፤ ሐንተር ግን ይህን የጻፈው የኤሌክትሪክ መብራት እንኳ በሌለበት ዘመን ነው። ዓሦቹን ያላስነሣ እጅ ሰጥሞ የሞተ የመሰለውን ሰው ለማስነሣት መንገድ አሳየ።

የሐኪምነት ዝናው በየጊዜው እየጨመረ ሄደ። በ1768 የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ሐኪም ተደረገ፤ በ1776 ከንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ ሐኪሞች አንዱ ሆነ። በ1785 ቋንጃው ላይ የደም ሥር አብጦበት የነበረ አንድ ሠረገላ ነጂ መጣ። እንዲህ ያለ በሽተኛ ወይ እግሩ ይቈረጣል ወይ ይሞታል። ሐንተር ግን እብጠቱን ሳይነካ፣ ከፍ ብሎ በጭኑ ላይ የደም ሥሩን አሰረው። ደሙ በትንንሾቹ ሥሮች ዞሮ እግሩን ይመግባል የሚል እምነት ነበረው፤ እንዳለውም ሆነ። ሰውየው ስድስት ሳምንት ያህል ቈይቶ በእግሩ ከሆስፒታል ወጣ።

በ1771 አን ሆም የምትባል ግጥም ጸሐፊ አግብቶ ነበር፤ ከግጥሞቿ አንዳንዶቹን ታላቁ የሙዚቃ ሰው ሃይድን ዜማ ሠርቶላቸዋል። ምስኪን አን! ከከተማ ውጭ ባለው ቤታቸው ግቢ ነብርና ቀበሮ፣ ጎሽና ንብ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ነብሮች አምልጠው ከውሾች ጋር ሲጣሉ ሐንተር በባዶ እጁ ይዞ መለሳቸው፤ ያደረገውን ሲያስተውል ግን ራሱን ስቶ ወደቀ። ሌሊት የሚተኛው አራት ወይም አምስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሳይነጋ ተነሥቶ ሬሳ ይከፍታል። ያገኘውን ገንዘብ ሁሉ የሚያፈሰውም ከሰውና ከእንስሳ ሰውነት በአልኮል እያኖረ በሚሰበስበው ነገር ላይ ነበር። በ1783 በሌስተር አደባባይ ቤት ይዞ ለነዚህ ማኖሪያ ቤተ መዘክር ሠራ። ከጊዜ በኋላ ክምችቱ 14000 ያህል ደረሰ።

ከዚህ ክምችት አንዱ ግን የሐንተርን ስም ያጐደፈ ነው። በ1782 ቻርልስ ቢርን የተባለ አየርላንዳዊ ወጣት ሎንዶን መጣ። ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ30 የማያንስ ስለ ነበረ ሕዝብ ገንዘብ እየከፈለ ያየው ነበር። ከዓመት በኋላ ያጠራቀመው ገንዘብ ተሰረቀበት፤ በመጠጥና በሕመም ተጐዳ። ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ሐኪሞች ሬሳውን ለመውሰድ እንደሚጠባበቁ ያውቅ ስለ ነበር፣ በእርሳስ ሣጥን አድርገው ከባሕር ጥልቅ እንዲጥሉት ወዳጆቹን ለመነ። በሰኔ 1783 በ22 ዓመቱ ሞተ። ሐንተር ግን ሬሳውን የሚጠብቁትን ሰዎች በገንዘብ አታለለ፤ የከፈለው 500 ፓውንድ ነው ይባላል። ወዳጆቹ ወደ ባሕር የጣሉት ሣጥን ቢርን የሌለበት ነበር። ሐንተር ሬሳውን በሌሊት ወስዶ፣ በትልቅ የመዳብ ጋን ቀቅሎ፣ አጥንቱን ሰብስቦ አቆመው። ሠዓሊው ሬይኖልድስ በ1786 በሣለው የሐንተር ሥዕል ላይ፣ በላይኛው ማዕዘን የተንጠለጠሉት ሁለት የእግር አጥንቶች የዚያ ወጣት ናቸው።

ለሐንተር የሚከራከሩ ሰዎች ከዚያ አጽም የተገኘውን ዕውቀት ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ በ1909 የራስ ቅሉ ተከፍቶ፣ ሰውየው እንዲህ የረዘመው ከአንጎል ሥር ባለች ትንሽ ዕጢ ምክንያት መሆኑ ታውቋል፤ በ2011 ደግሞ ከጥርሱ በተወሰደ ምርመራ የበሽታው የዘር መነሻ ተገኝቷል። ቢሆንም ሰው ሕይወቱን እንዲያስረዝም ሺሕ ዓመት ሊሰጠው ያሰበ ሐኪም፣ ሌላው ሰው ከሞቱ በኋላ የለመነውን አንድ መቃብር መንፈጉ ለእኔ ይከብደኛል።

የሐንተር ሞት ራሱ እንደ ተነበየው ሆነ። ጥቅምት 16 ቀን 1793 ዓ. ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል በተማሪዎች አቀባበል ነገር ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ሐንተር ሲናገር አንዱ ባልደረባው ተቃወመው። ቍጣውን ዋጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፍ በአንድ ሐኪም እጅ ላይ ወድቆ ወዲያው ሞተ። ዕድሜው 65 ዓመት ነበር። ሬሳው ሲመረመር ልቡን የሚመግቡት የደም ሥሮች እንደ አጥንት ደርቀው ተገኙ። ወናፉንም ኤሌክትሪኩንም የሞከረለት ሰው መኖሩ አልተጻፈም።

ለሚስቱ ዕዳ እንጂ ሀብት አልተወም። ክምችቱን ዊልያም ክሊፍት የተባለ ወጣት ረዳቱ በትንሽ ደሞዝ ስድስት ዓመት ጠበቀው፤ የጌታውን ጽሑፍም በእጁ ይገለብጥ ነበር። መንግሥት በ1799 ክምችቱን በ15000 ፓውንድ ገዝቶ ለቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ሰጠው። የሐንተርን ወረቀቶች ግን የሚስቱ ወንድም ኤቨራርድ ሆም ወስዶ፣ ከውስጣቸው እየቀዳ በራሱ ስም ካሳተመ በኋላ በ1823 አቃጠላቸው። ክሊፍት የገለበጠው ባይኖር ብዙው በጠፋ ነበር። በ1941 ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፕላን የወደቀ ቦምብ ከክምችቱ የሚበዛውን አጠፋ፤ የተረፈው 3500 ያህል ነው።

ሐንተር የተቀበረው በአንድ የሎንዶን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። በ1859 ያ ምድር ቤት ሊዘጋ ሲል ፍራንክ በክላንድ የተባለ ሐኪም የሐንተር አጽም እንዳይጠፋ ብሎ ከ3000 በላይ የሬሳ ሣጥኖች አንድ በአንድ እያየ ፈለገው። ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው የሐንተርን ስም አገኘ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሐንተር ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት በዌስትሚኒስተር በክብር ተቀበረ።

የቻርልስ ቢርን አጽም ከ200 ዓመት በላይ በመስተዋት ውስጥ ቆሞ ሲታይ ኖረ። ቤተ መዘክሩ ለጥገና በ2017 ተዘግቶ በ2023 እንደገና ሲከፈት፣ ብዙ ሰው ስለ ለመነለት አጽሙ ከሕዝብ ዐይን ተነሣ። ወደ ባሕር ግን አልወረደም፤ ለምርመራ ይጠቅማል ተብሎ እስከ አሁን በማኅበሩ ዘንድ ተቀምጧል።